በር ላይ የቀረው ናይትሮጅን

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ድሬዳዋ ስመለስ ከጓዜ ሁሉ የምሳሳላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛዋ መዳፍ የምታክል ሃርድ ዲስክ ናት። ሁለተኛው አንድ ወረቀት ነው፤ ከእኔ ኋላ በመርከብ የሚመጣ የእንጨት ሳጥን ደረሰኝ። ሳጥኑ ውስጥ የጀርማኒየም ዲቴክተር አለ። የጋማ ጨረር ሲመታው ጨረሩ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው አጥርቶ የሚናገር መሣሪያ ነው። ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ሊያስወግዱት ካሰቡት ዕቃ መካከል አውጥተው ነበር የሰጡኝ። «አሮጌ ነው፤ ግን ጤነኛ ነው» አሉኝ። ጤነኛ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ስለፈጀብኝ ከሁሉም በፊት አስቀምጫታለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነበር። በተመለስኩ በሳምንቱ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በካናቴራ ተቀምጦ አንገቱን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገ ጠየቀኝ።

«እስቲ ንገረኝ። ይሄ አምስት ዓመት የተቀመጥክበት ነገር ምንድነው?»

«አባዬ፣ ማንኛውም ነገር ከአቶም የተሠራ ነው። የአቶሙ መሃል ደግሞ ኒውክለስ ይባላል፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ፍሬዎች ተጨናንቀው የሚኖሩበት። እኛ እሱ ላይ ጋማ እንለቅበታለን። ከራጅ ጨረር የበረታ ብርሃን ነው። ጉልበቱ ልክ ከሆነለት ኒውክለሱ ይውጠውና ይናወጣል፤ ፕሮቶኖቹ ወደ አንድ ጎን፣ ኒውትሮኖቹ ወደ ሌላው ጎን ይወዛወዛሉ። ዳይፖል የምንለው ይህን መወዛወዝ ነው። ከዚያ የዋጠውን ብርሃን መልሶ ይተፋዋል። የተፋውን ይዘን ውስጡ እንዴት እንደተሠራ እናጠናለን።»

«የምን ኒውክለስ ነው?»

«የቆርቆሮ።»

«የጣሪያው?»

«የጣሪያው ብረት ነው። እኔ የምልህ ንጹሑን ነው። ስታኞ ውስጥ ያለውን።»

ስታኞ ስል ፊቱ በራ። ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲበይድበት የኖረው ነገር ነው። ትንሽ አሰበና «እኛ የፉርጎን እግር በመዶሻ እየመታን ነበር የምንሰማው» አለ። «ደህናው ይዘፍናል። የተሰነጠቀው ያስላል። እናንተ በብርሃን ትመታላችሁ ማለት ነው።»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ለዚህ አምስት ዓመት!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን ከእሱ በተሻለ ያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም።

ሳጥኑ ጉምሩክ ላይ ወረቀት ሲጎድለው፣ ወረቀት ሲሟላለት ቆይቶ በመጨረሻ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ምድር ቤት አንድ ጠባብ ክፍል ተሰጠው። አሁን የቀረኝ ቅዝቃዜ ነበር። የጀርማኒየሙ ክሪስታል የሚሠራው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ነው፤ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ። ከሰዓት በኋላ የቧንቧ ውሃ እጅ በሚያቃጥልበት ከተማ ይህን ፈሳሽ ከየት ላምጣ? ስልክ ደወልኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወራት አለፉ። ዲቴክተሩ በፕላስቲክ ተሸፍኖ እንደ ተጋባዥ እንግዳ ቁጭ አለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳቢያን ሰፈር አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን ፊት ለፊቴ አቆመ። ከኋላ በካውቹ ካሰረው ወፍራም የአሉሚኒየም ዕቃ ክዳን ሥር ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወደ መሬት ይፈስሳል። ጭማቂዬን ትቼ ተነሳሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ናይትሮጅን ነው?»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ ከየት አወቅከው? ሰው ሁሉ በረዶ ትሸጣለህ ወይ ነው የሚለኝ።»

የከብት አዳቃይ ቴክኒሻን ነበር። የምርጥ ኮርማ ዘር ያለ ናይትሮጅን አይቆይም፤ እሱም በዚህ ዕቃ ይዞ ከከተማው የወተት ላሞች እስከ ጀልዴሳ ይዞራል።

«ላም አለህ እንዴ?» አለኝ።

«ላም የለኝም። ጀርማኒየም ነው ያለኝ።»

«እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ዝርያ ነው?»

ወስጄ አሳየሁት። ክፍሉ መሃል ቆሞ ዲቴክተሩን ዞረው፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሐሙስ ከሥራው የሚተርፈውን ሊያመጣልኝ ቃል ገባ። አለቆቹ ቢያውቁ ደስ እንደማይላቸው እሱም እኔም እናውቅ ነበር። በምላሹ ምንም አልጠየቀኝም። «ወላሂ፣ ከላም ሌላ ነገር ሲጠጣው ማየት ፈልጌ ነው» ብሎ አፌዘብኝ።

ተማሪዬ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ከእኔ ጋር መሥራት ፈለገች። እናቷ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ቤታቸው የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከአዳቃዩ ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፤ ስትቆጥር ደግሞ ወደ ሶማሊኛዋ ትመለሳለች። ሃርድ ዲስኩን ሰጠኋት። ውስጡ ውጭ አገር ሳለሁ ከቆርቆሮ ላይ የሰበሰብነው የጋማ ልኬት ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሹል ሹል መስመሮች። ግማሹን ማንም ተመልሶ አላየውም።

በሦስተኛው ወር ወደ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ይቺን መስመር እያት።»

«ዳይፖል ናት። እኔው ነኝ የመዘገብኳት። መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አለች።»

«አይመስለኝም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኒውክለሱ የሚተፋው ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሄድም። ስለዚህ በሙከራው ጊዜ ሁለት ዲቴክተሮች በሁለት ማዕዘን ቆመው ነበር፤ የሁለቱን ቆጠራ በማነጻጸር ነው አንድ መስመር ዳይፖል ይሁን ሌላ ዓይነት የሚለየው። እሷ ያየቻት መስመር በዘጠና ዲግሪ በቆመው ዲቴክተር ላይ ለዳይፖል ከሚገባት በላይ ጎልታ ነበር። በዘጠና ዲግሪ ቆሞ የነበረው ደግሞ ይኸው የኛው አሮጌ ዲቴክተር ነው።

«እሱ ዲቴክተር በየጉልበቱ ምን ያህል እንደሚያይ በደንብ ተለክቶ አያውቅም» አልኳት። «የጎላችው ለዚያ ነው።»

«እንግዲያው እንለካው። እዚሁ አይደል ያለው?»

ያን ቀን ደስ አለኝ ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤት የተማረች፣ ከድሬ ወጥታ የማታውቅ ልጅ አምስት ዓመት የለፋሁበትን ዝርዝር በጣቷ ነክታ «አይመስለኝም» ስትል ውስጤ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ፊቴ ላይ አልታየም። ቢያንስ እንዳልታየ አምን ነበር።

ልኬቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ፈቃድ ያለው ደካማ የጨረር ምንጭ ዲቴክተሩ ፊት በተለያየ ርቀት ይቀመጥና ለቀናት ይቆጠራል። ዲቴክተሩ በሺህ ቮልት የሚቆጠር ኃይል ይፈልጋል። ከጀርባው ደግሞ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ ክሪስታሉ መሞቅ ሲጀምር ኃይሉ ራሱ እንዲጠፋ የምታደርግ። በቀዝቃዛው ላይ ያለ ኃይል ችግር የለውም፤ የሞቀው ላይ ያለ ኃይል ግን የውስጡን ማጉያ ያቃጥለዋል። ለተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ያስተማርኳት ነገር «ይህችን ሽቦ እንዳትነኪ» የሚል ነበር።

የድሬ መብራት ግን ሽቦዋን አሳበዳት። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ቢሸከመውም ሽቦዋ «ሞቀ» ብላ ታጠፋዋለች። ሳይሞቅ። ኃይሉ በዝግታ እንደገና እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የተጀመረው ቆጠራም ይበላሻል። በቀን ሦስቴ፣ አራቴ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ያንን ቀን ሰርዛ እንደገና ትጀምራለች። በዚያ ላይ የመመረቂያ ጊዜዋ ይቆጠራል፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ያ ማሽን መቼ ነው ውጤት የሚሰጠው?» እያለ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት እሷ ለሶላት ወጥታ ሳለች ሽቦዋን በመቁረጫ ቆረጥኳት። ሁለቱን ጫፎች ኃይል ሰጪው «ደህና ነው» ብሎ እንዲያምን አድርጌ አሰርኳቸውና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኳቸው። ልኬቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስትመለስ «ዛሬ አሪፍ ነው፣ አልጠፋም» አለችኝ። «ስታቢላይዘሩን አስተካክዬው ነው» አልኳት።

ሦስት ሳምንት አንዴም ሳይቋረጥ ሠራ። ከዚያ የበዓል ዕረፍት መጣ፤ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተያይዞ ረዝሟል። እኔ ለሥልጠና አዳማ ሄጄ ነበር። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ በሩ እምቢ አለ። አዲስ ቁልፍ ነው የገባለት።»

«ማን ነው የቀየረው?»

«ንብረት ክፍል። ከጎናችን ካለው ሕንፃ ኮምፒውተር ተሰርቆ ነበር አይደል? ዕቃ ያለበትን ክፍል ሁሉ ቀይረዋል። ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ አሁን ነው ያየሁት።»

እኔም አላነበብኩትም ነበር።

«ቢሮአቸው ሂጂ።»

«ዝግ ነው። እስከ ሰኞ ማንም የለም። ስልክም አያነሱም።»

ከኋላዋ የአዳቃዩ ድምፅ ይሰማኛል። «ንገሪው! ሞልቼ ነው ያመጣሁት፣ በር ላይ ቆሜአለሁ በይው!»

«ውስጥ ያለው እስከ መቼ ያዘልቃል?» አልኳት።

«ነገ ጠዋት ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ነው የሞላነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘበኛውን ለምኜ በሩን ላስብረው?»

«ኧረ አትስበሪ። ነገ ንብረት ሰበሩ ብለው ያንጠለጥሉናል። አይዞሽ፤ ከሞቀ ራሱ ይጠፋል። ሰኞ እናቀዘቅዘዋለን፣ ምንም አይሆንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ተማሪም መምህሩን አንተ ይላል። እኔ ያችን «ነህ» ያህል ቀጥ ብላ ፊቴ የቆመች ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩና ዘጋሁት።

ስልኩን ኪሴ ሳልከተው ሽቦዋ ትዝ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ነው ትዝ ያለችኝ። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የምድር ቤቱ የመብራት ሳጥን አለ። አይቆለፍም። «ሳጥኑን ክፈቺና አጥፊው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ዩፒኤሱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይዞ ይሞት ነበር፤ ዲቴክተሩም ኃይል ሳይኖርበት በሰላም ይሞቅ ነበር። እሷ ግን «ራሱ ይጠፋል አላልክም?» ማለቷ አይቀርም። መልሱን መናገር ይኖርብኛል። አትንኪ ያልኳትን እኔው ቆርጬ፣ በስታቢላይዘር አሳብቤ እንደዋሸኋት።

ስሟ ስልኬ ላይ ከሁሉም በላይ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። አብሮኝ የሚሠለጥን ሰው «ምሳ!» ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ምሳ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ድሬ መብራት እንዲጠፋ መመኘት ነው። ዓመቱን ሙሉ የረገምኩት የመብራት መጥፋት በዚያ ዕረፍት እንዲመጣልኝ ተመኘሁ። ለዘመድ እየደወልኩ «መብራት አለ?» እላለሁ። «አለ፣ የዘንድሮስ በዓል ደህና ነው» ይሉኛል።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ክፍሉ እንደማንኛውም የድሬ ክፍል ሞቋል። ስክሪኑ ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ዝም ያለ ዝናብ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ። ናይትሮጅን ሞላን፣ ጠበቅን፣ በዝግታ ኃይል ሰጠነው። ምንም። ማጉያው ተቃጥሏል። ሊጠግነው የሚችለው የሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ወደዚያ ለመላክ ደግሞ ፈቃድም ገንዘብም የሰጠኝ አልነበረም።

ያኔ ለሁሉም የሚሆን ጥፋተኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። ወደ ጡረታ የተጠጋ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቢሮው ገብቼ ጮህኩበት። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ተማሪዬን ምስክር አድርጌ አቀረብኳት፤ በሩ እንደተዘጋባት፣ እንደደወለች፣ ማንም እንዳላነሳላት ጽፌ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋሁት። ጥቂት አየችውና ፈረመች።

ሰውየው ኮሚቴው ፊት የተናገረው ትንሽ ነው። «እንድቀይር ታዘዝኩ፣ ቀየርኩ። ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ግን እኔ የምጠይቀው አለ። ይሄን ያህል ውድ ዕቃ ሰው ቢታመም፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ራሱን የሚያድንበት ነገር የለውም እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አለው» አልኩ። «አልሠራም።»

አልሠራም ማለቴ ውሸት አልነበረም። ለዚህች ቃል ትክክለኛነት ለብዙ ጊዜ በልቤ ስከራከር ኖሬያለሁ።

ሰውየው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከኃላፊነቱ ወርዶ በሁርሶ መንገድ ላይ ወዳለ የግቢው መጋዘን ተዛወረ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየጠዋቱ በአቧራማ ሚኒባስ ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። አባቴ ታሪኩን ከእኔ ሰምቶ በጣም ተቆጣ። የምድር ባቡር ጡረተኞች በሚሰበሰቡበት ጥላ ሥር እየተቀመጠ «ልጄ በብርሃን የሚሰማበትን ማሽን አንድ ቁልፍ የሚቀይር ሰው ገደለበት» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወሬው የሰውየው ጆሮ ደርሶ እንደሆነ አልጠራጠርም። አባቴ በዓመቱ ሞተ። ይህንኑ እያመነ።

ተማሪዬ ሁለት ወር ያህል ከቆየች በኋላ ትምህርቷን አቆመች። ሌላ ርዕስ ልፈልግልሽ አልኳት፤ «ይቅር ቲቸር» አለችኝ። በኋላ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ስፌት እንደምትመረምር ሰማሁ። አዳቃዩን አልፎ አልፎ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ። ያን ሐሙስ ሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ከቆመ በኋላ ናይትሮጅኑን ይዞ ወደ ላሞቹ ሄዷል። ሲያገኘኝ ስለ ድርቅና ስለ መኖ ያወራኛል፤ ስለዚያ ክፍል አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

እኔ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ማስተማር ቀጠልኩ። የሚንከባለል ኳስ፣ የሚንሸራተት ሳጥን፣ ሰበቃ የሌለበት ገጽ። ስለ ጋማ ሲጠይቁኝ «መሣሪያ የለንም» እላለሁ፤ ድምፄ ውስጥ አገር የበደለው ሰው ቅሬታ እንዲሰማ አድርጌ። ጥሩ አድርጌ እችልበት ነበር። አንዳንዱ ተማሪ ያዝንልኝ ነበር።

በቅርቡ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስነካካ አንድ አዲስ ጽሑፍ አገኘሁ። ሌላ አገር ያለ ቡድን፣ በተሻለ የጋማ ጨረር፣ ያንኑ ቆርቆሮ ለክቷል። ሰንጠረዡን ወደ ታች ሳወርድ ያችን መስመር አየኋት። ዳይፖል አይደለችም። ግርጌ ላይ «ቀደም ሲል በስህተት ተመዝግባ ነበር» ብለው የእኔን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠቅሰዋል። ባጃጁ ቤቴን አልፎ ሲሄድ አላስቆምኩትም።

በማግስቱ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ሄድኩ። ሠራተኞቹ በቡድን በቡድን ይወጣሉ። ከብዙ ሴቶች መካከል እሷን ለይቼ ሳያት ቀድማ አይታኛለች፤ ቀጥ ብላ መጣች።

«ልክ ነበርሽ» አልኳትና ስልኩን ሰጠኋት።

ፀሐዩን በእጇ ከልላ አነበበች። ፊቷ ለአፍታ ያንን የድሮ መልኳን አገኘ።

«ዳይፖል አይደለችም።»

«አይደለችም።»

«ማንን ነው የጠቀሱት?»

«እኔን። ለስህተቱ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «ሌላም የምነግርሽ ነገር አለ» አልኩ። «ያቺን ሽቦ—»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰኞ ዕለት አንተ ንብረት ክፍል ሄደህ ስትጮህ እኔ ጀርባውን አየሁት። ናስትሮው አዲስ ነበር።»

በአጠገባችን የሚያልፉ ልጆች ይስቃሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ደቻቱ! ደቻቱ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ኮሚቴው ፊት ይናገራል ብዬ ነበር። ከዛ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋኸው። መመረቂያዬን የምታጸድቀው አንተ ነህ። ፈረምኩ።» ሻርፗን አስተካከለች። «ዲቴክተሩ ስለሞተ አይደለም የተውኩት። ሌላ ርዕስ ይገኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንተ ፊት መቀመጥ አቃተኝ። እኔ ራሴንም ማየት አቃተኝ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ መሰለኝ። ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሯን አስገብታ ዞር አለች።

«የንብረት ክፍሉ ሰውዬስ? ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«እኔም» አለችና ገባች።

ሰውየው ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው የሚኖረው። ቤቱን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሁሉም በአክብሮት ነበር ስሙን ያነሱት። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ቤቱ ግቢ ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ተነስቶ ተቀመጠ። ቁም ነገሩን በቆምኩበት ነገርኩት። ሽቦዋን፣ ስልኩን፣ ምሳዬን ሳይቀር።

«እኔ የተቀጣሁት በወረቀት ነው» አለ ስጨርስ። «አንተ አሁን በአፍህ ነው የመጣኸው።»

በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም ጻፍኩ። ለግቢው አስተዳደር፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ተቀብላ ማኅተም አደረገችበት፣ ቁጥር ሰጠችውና ፋይል ውስጥ ከተተችው። የአስተዳደሩ ኃላፊ ጠርቶኝ «ይሄ እኮ የተዘጋ ጉዳይ ነው፤ ምን ነካህ?» አለኝ። ቅጣት አልተቀጣሁም። ደመወዜም አልተነካም፣ የሥራ ቦታዬም አልተቀየረም። እንዲቀጡኝ ለመለመን ደግሞ አልደፈርኩም።

ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ይዤ ገንደ ቆሬ ተመለስኩ። ሰውየው ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ አነበበው። ከዚያ ወደ ቤት ተጣራ፤ ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። አማርኛ አትሰማም። ሰውየው ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ አደረገው።

«አንብብላት» አለኝ። «እሷም ነች የተቀጣችው።»

ቆሜ አነበብኩ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነብባለሁ፤ እሱ ወደ ኦሮምኛ ይመልስላታል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ቀጥል» ይለኛል። ድሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ኦሮምኛ ይገባኛል። አንድም ነገር አላሳመረልኝም፣ አንድም ነገር አልጨመረብኝም። እኔ «የጥበቃ ሽቦዋን በራሴ ፈቃድ» ብዬ የጻፍኩትን እሱ «ራሱ ቆረጠው» ብሎ አሳጠረው። ስጨርስ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አየች። ጥያቄዋን ግን ለባሏ ነው ያቀረበችው።

«ማሊፍ ኩቴ?» አለችው። ለምን ቆረጠው?

ሰውየው ወደ እኔ ተመለከተ፤ እንድመልስ ጠበቀኝ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ልኬቱ፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥድፊያ አሰብኩ። ሲሰለቸው እሱ መለሰላት።

«ጀርጀሬ» አላት። ቸኩሎ ነው።

ራሷን ነቀነቀችና ተመልሳ ገባች። እሱ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በአራት አጠፈው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያም አልጋው ላይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተኛ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። የምጠብቀው ነገር እንደሌለ ሲገባኝ የቆርቆሮውን በር ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።